የዳነው ሕይወት የማን ነው?

ሰው በጎ አድርጎ ከበጎው ክፉ ቢወለድ ተጠያቂው ማን ነው? የአገራችን ሰው «ባጎረስሁ ተነከስሁ» ሲል ቅሬታውን የሚያሰማው በነካሹ ላይ ነው። አጉራሹ ባጎረሰበት እጁ አያፍርም፤ ቢያዝን እንኳ የሚያዝነው ውለታው ስለ ተረሳ ነው። ነገር ግን ጎራሹ እጅ ነክሶ ብቻ ባያበቃስ? ከዚያ ቤት ወጥቶ የሌላ ሰው ልጅ ቢገድልስ? ያን ጊዜ አጉራሹ «ባላጎርሰው ኖሮ» እያለ ራሱን ይከስስ ዘንድ ይገባዋልን?

ይህን ጥያቄ እዚህ የምናነሣው ከአንድ ተከታታይ ፊልም ተነሥተን ነው። ፊልሙ «ሞንስተር» ይባላል፤ «ጭራቅ» ማለት ነው። ጃፓኖች «አኒሜ» በሚሉት፣ በሥዕል በሚሠራ የፊልም ዓይነት የተዘጋጀ ባለ 74 ክፍል ታሪክ ሲሆን፣ በጃፓን ቴሌቪዥን የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2005 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መሠረቱ ናኦኪ ኡራሳዋ የተባሉ ደራሲና ሠዓሊ ከ1994 እስከ 2001 በመጽሔት በተከታታይ ያወጡት፣ በ18 ቅጾችም የታተመ የሥዕል ልብ ወለድ ነው። ፊልሙን ያዘጋጁት ማሳዩኪ ኮጂማ ናቸው። የሥዕል ልብ ወለዱ በ1999 በታላቁ ሠዓሊ በኦሳሙ ቴዙካ ስም የተሰየመውን የባህል ሽልማት አግኝቷል፤ ፊልሙ ግን ለብዙ ዓመታት የሚገባውን ያህል አልታወቀም። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። አስማት የለበትም፤ በሰይፍ የሚፋለሙ ጀግኖች የሉበትም፤ አካሄዱ ዝግተኛ ነው፤ ሁሉንም ለማየት ወደ 30 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በአሜሪካ በዲቪዲ መውጣት ቢጀምርም ከመጀመሪያዎቹ 15 ክፍሎች በኋላ አልቀጠለም። ሙሉው ታሪክ በ2023 በኔትፍሊክስ ከቀረበ በኋላ ነው ብዙዎች በቀላሉ ሊያገኙት የቻሉት።

በሥዕል ስለ ተሠራ የሕፃናት ፊልም ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይጠንቀቅ። ነፍስ ግድያ፣ ስካር፣ ራስን ማጥፋት፣ በልጆች ላይ የሚፈጸም ጭካኔ በብዛት አለበት፤ ለአዋቂዎችና በዕድሜ ጠና ላሉ ወጣቶች እንጂ ለትንንሾች አንመክረውም። ደግሞም የታሪኩን መጨረሻ ሳንነካ የምንለውን ማለት ስለማይቻለን፣ አስቀድሞ ፊልሙን ማየት የሚሻ አንባቢ ይህን ገጽ ለጊዜው ቢያቆየው አንቀየምም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1986 በጀርመን አገር፣ በዱሰልዶርፍ ከተማ ነው። ኬንዞ ቴንማ የተባለ ጃፓናዊ ወጣት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ የሆስፒታሉ ዲሬክተር ልጅ ኤቫም እጮኛው ናት። አንድ ሌሊት አንድ ቱርካዊ የግንባታ ሠራተኛ ተጎድቶ ይመጣል። ከእርሱ በኋላ ደግሞ አንድ ስመ ጥር የኦፔራ ዘፋኝ ይመጣል። ቴንማ ዘፋኙን እንዲያክም ይታዘዛል፤ ያክማል፤ ዘፋኙ ይድናል፤ ጋዜጦችም ያወድሳሉ። ሠራተኛው ግን በሌላ ሐኪም እጅ ሞተ። ሚስቱ ሕፃን ልጅዋን ይዛ በሆስፒታሉ ውስጥ ቴንማን አገኘችው፤ ባልዋ ቀድሞ መጥቶ ሳለ ስለምን እንደ ተተወ እያለቀሰች ጠየቀችው። እርሱም የሚመልስላት አጣ። ኤቫ ግን አንዱ የሰው ሕይወት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም ብላ ልታጽናናው ሞከረች።

ደራሲው ሟቹን ቱርካዊ ያደረጉት በአጋጣሚ አይመስለንም። ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ስምምነት የተፈራረሙት በ1961 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ቱርካውያን የዚያችን አገር ፋብሪካና መንገድ ሠርተዋል። ከዱሰልዶርፍ ብዙም በማትርቀው በዞሊንገን ከተማ በግንቦት 1993 የአንድ ቱርካዊ ቤተሰብ ቤት ሆን ተብሎ ተቃጥሎ አምስት ሴቶችና ልጃገረዶች ሞቱ። የሥዕል ልብ ወለዱ መውጣት የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። በታሪኩ መካከልም የፍራንክፈርትን የቱርኮች ሰፈር ሊያቃጥሉ ያሰቡ ሰዎች ይገኛሉ። እንግዲህ ኤቫ ለእጮኛዋ የተናገረችው ቃል የአንዲት ቅምጥል ልጅ ንግግር ብቻ አይደለም፤ ሰውን በሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በጨዋ አንደበትም ቢሆን በእሳትም ቢሆን፣ የሚናገረው ያንኑ ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ይመጣል። ዮሐን የተባለ ልጅ ራሱን በጥይት ተመትቶ ወደ ሆስፒታሉ ይገባል። ቴንማ ቀዶ ሕክምናውን ሊጀምር ሲል የከተማው ከንቲባ ታመው ስለ መጡ ልጁን ለሌላ ሐኪም እንዲተው ይታዘዛል። በዚህ ጊዜ የሠራተኛውን ሚስት ያስባል፤ ትእዛዙንም እምቢ ብሎ ልጁን ያድናል። ከንቲባው ይሞታሉ። ቴንማ ሹመቱንም እጮኛውንም ያጣል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መልካም ምሳሌ ይሆን ነበር፤ ለትምህርተ ክርስቶስ ክፍልም ይመች ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ዲሬክተሩና ሁለት ሐኪሞች በተመረዘ ከረሜላ ሞተው ይገኛሉ፤ ልጁም ከመንታ እኅቱ ጋር ይሰወራል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ያ ያዳነው ልጅ መልከ መልካምና አንደበተ ርቱዕ ጎልማሳ ሆኖ በቴንማ ፊት ይቆማል፤ በዓይኑ እያየም አንድ ሰው በጥይት ይገድላል። በየከተማው ያለ ምክንያት የተገደሉ ብዙ ባልና ሚስቶች የእርሱ ሰለባዎች መሆናቸው ይታወቃል። ፖሊስ ግን የሚጠረጥረው ሐኪሙን ነው። ቴንማም ሽጉጥ ገዝቶ፣ መተኮስ ተምሮ፣ ያዳነውን ሊገድል ይወጣል።

ይህ ሐኪም በደለኛ ነውን? ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ከአንድ ሥራ ተከትሎ የሚመጣ ነገር ለሥራው በጎነት ወይም ክፋት መቼ እንደሚቆጠር ጠይቆ ልዩነት ያደርጋል። ሠሪው አስቀድሞ ያወቀው ውጤት ይቆጠራል። ያላወቀውም ቢሆን ከዚያ ዓይነት ሥራ በባሕርዩ የሚከተል፣ ብዙ ጊዜም የሚከተል ከሆነ ይቆጠራል። በድንገት፣ እምብዛም ባልተለመደ አኳኋን የሚመጣው ግን ሥራውን አይለውጠውም። የቆሰለ ልጅ ማዳን በባሕርዩ ነፍሰ ገዳይ አያፈራም። ስለዚህ ቴንማ በዚያ ሌሊት ያደረገው በጎ ነበር፤ በኋላም በጎ ሆኖ ይኖራል፤ ዮሐን ከዚያ በኋላ አሥርም ሰው ይግደል መቶ ወደ ኋላ ተመልሶ የዚያን ሌሊት ሥራ ሊያጎድፈው አይችልም። ክፋቱ የዮሐን ነው።

ይህን በቀላሉ ልንለው እንችላለን፤ ፊልሙ የሚስበን ግን ይህን መልስ የሚያውቅ ሰው እንኳ እንቅልፍ እንደማይወስደው ስለሚያሳይ ነው። ከዚህም የሚረቅ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ተመልካች ሳያስተውለው የሚያልፈው ይመስለናል። ቴንማ ሹመቱን ባጣበት ሰሞን፣ ራሱን ስቶ በተኛው ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሞ በንዴት ዲሬክተሩና መሰሎቹ ቢሞቱ ይሻል ነበር ብሎ ይናገራል። ልጁ ይሰማ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ዮሐን ሰዎቹን የገደለው የሐኪሙን ምኞት ለመፈጸም እንደ ሆነ ይነግረዋል። በወንድም ላይ መቆጣት ራሱ ለፍርድ እንደሚያቀርብ ጌታችን በተራራው ስብከት ማስተማሩን እናስታውስ (ማቴ. 5፥22)። እንግዲህ የቴንማን ሕሊና ብንመረምረው አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን፤ አጥብቆ የሚጸጸተው በማዳኑ ነው፤ ሊጸጸትበት የሚገባው ግን በምኞቱ ነበር። በጎውን ሥራ እንደ ኃጢአት ተሸክሞ በአውሮፓ ከተሞች ይዞራል፤ ከአፉ የወጣውን ቃል ግን ያን ያህል አይመረምረውም። የንስሐ አባቶች ይህን ዓይነት ሕሊና ደኅና አድርገው ያውቁታል፤ ኃጢአት ያልሆነውን ደጋግሞ የሚናዘዝ ሰው ሁልጊዜ ኃጢአት የለበትም ማለት አይደለም፤ ምናልባት የሚያየው ወደ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ከዚህ ስሕተት ሌላ ስሕተት ይወለዳል። ቴንማ ያን ሕይወት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መልሼ የምወስደውም እኔ ነኝ ብሎ ያስባል። ሐኪም ሕይወትን ይረዳል እንጂ አይሰጥም፤ ያልሰጠውን ደግሞ መልሶ ሊወስድ አይችልም። እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ከላይ የጠቀስናቸው ቴዙካ በ1952 በጀመሩት «አስትሮ ቦይ» በተባለው ዝነኛ የሥዕል ታሪክ ውስጥም ዶክተር ቴንማ የሚባል ሰው አለ። እርሱም የሞተ ልጁን የሚመስል ሮቦት ሠርቶ፣ ሮቦቱ እንደ ሰው ልጅ አላድግ ቢለው ጊዜ ለሰርከስ ይሸጠዋል። የሠራሁት የእኔ ነው፤ ባይሆንልኝ አስወግደዋለሁ ማለት ነው። የዱሰልዶርፉ ቴንማ ዓላማው እጅግ የተሻለ ቢሆንም በዚያው ጎዳና ላይ እንደ ቆመ ራሱ የሚያውቀው እጅግ ዘግይቶ ነው።

የሚያድነው ሥራው ነው። ገዳይ ለመሆን የወጣው ሰው በየመንገዱ ሕመምተኛ ሲያጋጥመው ማለፍ አይሆንለትም። ፖሊስ እየተከተለው ይቆማል፤ ቁስል ያጥባል፤ ይሰፋል፤ ከዚያም ይሮጣል። አሳዳጊው የሚያሠቃየውን ዲተር የተባለ ልጅ ከዚያ ቤት አውጥቶ ከእርሱ ጋር ይዞት ይሄዳል። ብዙ ሰዎች ይህን ተከታታይ ሲያደንቁ ስለ ዮሐን ምስጢር ያወራሉ፤ እኛ ግን ደጋግመን ልናያቸው የምንወዳቸው እነዚህን ጸጥ ያሉ ክፍሎች ነው። ሽጉጡ በአንድ ኪስ ነው፤ የሐኪሙ እጅ ግን ሽጉጡን አልለመደውም። በአንጻሩ የሚያሳድደው መርማሪ ሉንገ ያየውንና የሰማውን አንዳች ሳይረሳ በአእምሮው የሚመዘግብ ሰው ነው፤ ነገር ግን ማስረጃውን ሁሉ ይዞ በሰውየው ላይ ለዓመታት ይሳሳታል። የወንጀል ታሪክ ሆኖ ማስታወስ ማወቅ እንዳልሆነ የሚያስተምር ጥቂት ነው።

የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 ከባሕር ስለሚወጣው አውሬ የሚናገረው ቃል በታሪኩ መግቢያ ላይ ይታያል። ተመልካቹም አውሬውን ይጠብቃል። ታሪኩ ግን ወደ ኋላ እየመለሰ የሚወስደው ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። በቀድሞዋ ምሥራቅ በርሊን 511 ኪንደርሃይም የሚባል ቤት ነበር ይለናል (ቤቱ የደራሲው ፈጠራ ነው)፤ በዚያም ልጆች በሙከራ መልክ ስሜታቸውንና ትዝታቸውን፣ ስማቸውንም ሳይቀር እንዲያጡ ሆነው ያድጉ ነበር። ስም ስለሌለው ጭራቅ የሚናገር አንድ የሕፃናት ተረት መጽሐፍም በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ጭራቁ ስም ፍለጋ ይዞራል፤ በመጨረሻ የሚያገኘውም «ዮሐን» የሚል ስም ነው፤ ከራእዩ ጸሐፊ ስም ጋር አንድ ነው። ለሕፃናት ጥምቀት በላቲን ሥርዓት ካህኑ ወላጆችን በመጀመሪያ የሚጠይቃቸው ለልጁ ምን ስም እንዳወጡለት ነው። ይህን ጥያቄ እንደ መዝገብ ሥራ አድርጎ የሚመለከት ካቴኪስት ቢኖር ስለ 511 ኪንደርሃይም ቢያይ ይጠቅመዋል።

ከዚያ ቤት ከወጡት አንዱ ግሪመር ይባላል። ሁልጊዜ ፈገግ ይላል፤ ፈገግታውን ግን የተማረው እንደ ፊደል ነው፤ የት ቦታ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንደሚገባ ያጠናል እንጂ ከውስጡ የሚመጣ ነገር የለም። የገዛ ልጁ ሲሞትበት እንኳ ማልቀስ አልቻለም፤ ሚስቱም ተለየችው። ይህ ሰው ግን ከዮሐን ጋር በአንድ ዓይነት እሳት ውስጥ ያለፈ ሆኖ ሳለ ለሌሎች ልጆች ሲል ይደክማል፤ በመጨረሻም ለእነርሱ ሲል በጥይት ተመትቶ ሲሞት የልጁ ኀዘን ከብዙ ዓመት በኋላ ይደርስለታል። የግሪመር ሞት በ74ቱ ክፍሎች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የነካን ነው። ዮሐን እንዲያ ስላደረጉት ነው እንዲህ የሆነ የሚለውን ቀላል ፍርድም ደራሲው በዚህ ሰው ይከለክሉናል። የተደረገበትን በደል እናስብለታለን፤ ፈቃዱን ግን አንነጥቀውም።

ዮሐን እኩልነትን አይክድም፤ ነገሩን የሚያከብደው ይህ ነው። ለቴንማ ሰው ሁሉ በሕይወቱ እኩል ነው፤ ለዮሐን ግን ለሰው ሁሉ እኩል የሆነው ሞት ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል ይናገራሉ፤ አንዱ ቱርካዊውን ሠራተኛ ከዘፋኙ ጋር ያስተካክላል፤ ሌላው ሁሉንም ከምንም ጋር ያስተካክላል። የዮሐን የመጨረሻ ዕቅድም ሐኪሙ በገዛ እጁ እንዲገድለው ነው። ሐኪሙ ቢተኩስ፣ ሰውን ሁሉ እኩል ነው ያለው ሰው ቢያንስ አንዱን ከቁጥር አውጥቶታል ማለት ነው። ሩሄንሃይም በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ዮሐን በዝናብ ውስጥ ቆሞ ግንባሩን በጣቱ ያመለክታል፤ ቴንማ አልተኩስ ሲልም ሽጉጡን ወደ አንድ ሕፃን ያዞራል። የሚተኩሰው ቴንማ አይደለም፤ ሰካራም የሆነው የሕፃኑ አባት ነው። ዮሐን እንደ ገና ራሱን ተመትቶ ይወድቃል። ቴንማም እንደ ገና ቀዶ ሕክምና አድርጎ ያድነዋል።

አሁን ግን አያውቅም አንልም። በመጀመሪያው ሌሊት የማያውቀውን ልጅ ነው ያዳነው፤ በሁለተኛው ማንን እንደሚያድን ጠንቅቆ ያውቃል። የቅዱስ ቶማስ ልዩነት እዚህ ብቻውን አይበቃም። እኛ የምናስታውሰው ቃየልን ነው። እግዚአብሔር የወንድሙን ደም ከቃየል እጅ ጠየቀ፤ ዝም አላለም፤ ነገር ግን ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት (ዘፍ. 4፥15)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 ስለ ሕይወት ወንጌል በጻፉት መልእክታቸው በዚህ ታሪክ ላይ አስተንትነው፣ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ሰብአዊ ክብሩን እንደማያጣ አስተምረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም በ2018 የትምህርተ ክርስቶሱን ቁጥር 2267 አሻሽለው የሞት ቅጣት ተቀባይነት እንደሌለው እንዲገልጽ አድርገዋል። የዮሐን ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ የጥይት ብቻ ሳይሆን የሐኪም እጅም ምልክት ነው።

የተገደሉትስ? ይህን የሚጠይቅ አንባቢ መብት አለው፤ እኛም በቀላሉ አናልፈውም። ዮሐን ከገደላቸው ብዙዎቹ በፊልሙ ላይ የሚታዩት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስማቸውንም እንረሳለን፤ ይህን እንደ ጉድለት እንቆጥረዋለን። ዮሐንን ያለ መጠን ኃያል ማድረጉም እንዲሁ፤ አንድ ሰው በለስላሳ አነጋገር ብቻ ይህን ሁሉ ሕዝብ ወደ ጥፋት ይነዳል ብሎ ማመን አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል። መልኩ ያማረ፣ የማይቆጣ፣ የማይፈራ ሆኖ ስለ ተሣለም እርሱን የሚያደንቁ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱ ጋር መጣላት አይጠቅምም፤ ስለ ግሪመር ምን እንደሚያስቡ መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ተበደሉት የሚናገር አንድ ሰው ግን አለ፤ እርስዋም የዮሐን መንታ እኅት ኒና ናት። በልጅነቷ የተኮሰችበት እርስዋ ነበረች፤ ቴንማ በ1986 ያወጣው የእርስዋን ጥይት ነው። ያሳደጓትን ሰዎች አስገድሎባታል። እርስዋም ልትገድለው ለዓመታት ፈልጋዋለች፤ በሩሄንሃይም ግን ይቅር እንዳለችው ነገረችው። ይህን ልትል የምትችለው እርስዋ እንጂ ቴንማ አይደለም። ሐኪሙ ስለ ሌላ ሰው ቁስል ይቅርታ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሕክምና ነው። ፊልሙ ሁለቱን ሳያደባልቅ መጠበቁ ትልቅ ጥንቃቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ቴንማ የመንትዮቹን እናት በፈረንሳይ አገር ያገኛታል፤ የልጆችዋን እውነተኛ ስምም ትነግረዋለች። ለእኛ አይነገረንም። በእስረኞች ሆስፒታል ወደ ተኛው ወደ ዮሐን ሄዶ ስም እንዳለው፣ እናቱም እንደ ወደደችው ይነግረዋል። ዮሐን ግን፣ በሕልም ይሁን በእውን ሳይለይ፣ አንድ ነገር ያወራለታል። ሰዎች መጥተው ከሁለቱ ልጆች አንዱን ልትሰጥ እናቱን ባስገደዷት ቀን፣ እርሱና እኅቱ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነበር። እናቱ እርሱን ልታተርፍ ነበር ወይስ በእኅቱ መስላው ተሳሳተች? ከሁለቱ ያልተፈለገው ማን ነበር? ቴንማ መልስ የለውም። በመጨረሻው ሥዕል ላይ የሚታየው የሆስፒታሉ አልጋ ነው፤ ባዶ ነው።